መሃል አዲስ አበባ ርካሽ አዳር፦ የትኛው ሰፈር ለማን ይሆናል?

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ዘመድ፣ የዘመድ ጎረቤት፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ሁሉም ከመነሳቱ በፊት ይደውልልኛል። «መሃል ከተማ ርከስ ያለ አልጋ የት አለ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ቶሎ ብዬ «ጠዋት የምትሄደው የት ነው?» እላለሁ። አንዳንዱ ጥያቄዬ ግራ ይገባዋል። እሱ የጠየቀው ስለ ማታ ነው፣ እኔ የማወራው ስለ ጠዋት።

ይሄን ሳላውቅ ግን የትኛው አልጋ እንደሚረክስለት መናገር አልችልም። እስቲ እንዲህ አስቡት። መርካቶ አንድ አልጋ በ600 ብር አገኛችሁ እንበል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው ደግሞ 900 ነው። 300 ብር ተረፈኝ ብላችሁ መርካቶ አደራችሁ። ካርድ ክፍል ቀድሞ ለመድረስ በጨለማ መነሳት አለባችሁ፣ በዚያ ሰዓት ሚኒባስ እንደ ልብ አይገኝም፣ ራይድ ትጠራላችሁ፣ የተረፈው ብር መንገድ ላይ ያልቃል። እንቅልፉም አብሮት ይሄዳል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ናቸው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የአልጋ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆመም፤ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ በሚቀጥለው ወር ሰውን ያሳስታል። ስለዚህ ዋጋውን በመጣችሁበት ቀን ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ የምነግራችሁ የትኛው ሰፈር ለምን ጉዳይ እንደሚሆንና አልጋ ከመያዛችሁ በፊት ምን ማየት እንዳለባችሁ ነው።

በመጀመሪያ የድሮውን ምክር እርሱት

«ፒያሳ ሂድ፣ አልጋ ሞልቷል» ወይም «ካዛንቺስ ያዝ» የሚላችሁ ሰው ካለ መቼ እንደመጣ ጠይቁት። የፒያሳ ሰፈሮች በ2016 በኮሪደር ልማቱ መፍረስ ጀመሩ። ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ተከተለ። የድሮዎቹ ባለ ግቢ አልጋ ቤቶች በብዛት የነበሩት እነዚያ የፈረሱት መንደሮች ውስጥ ነው።

አጎቴ ከደብረ ማርቆስ ነው የሚመጣው። ሃያ ዓመት ያህል ሲመላለስ የሚያርፈው ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንዲት ግቢ ነበር። ስምንት ክፍል፣ ግቢው መሃል አንድ ቧንቧ፣ ደጃፉ ላይ ሁልጊዜ ጀበና። ባለቤትየዋ ስሙን ታውቃለች፣ ገንዘብ ባጠረው ቀን «በሚቀጥለው ትከፍለኛለህ» ትለዋለች። ክረምት 2016 ላይ ሳይነግረኝ መጣ። ደወለልኝና ስደርስ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ፌስታሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሰፊ አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሟል። «ልጄ፣ መንገዱ ጠፋኝ መሰለኝ» አለኝ። መንገዱ አልጠፋውም። የቆመው ልክ ቦታው ላይ ነበር፤ የሌለው ግቢው ነው። ሴትየዋ የት እንደገባች እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል፣ እኔም አላገኘኋትም።

ያን ቀን ማታ እኔ ቤት አደረ። ጓደኛው የሰጠውን የሌላ አልጋ ቤት ስልክ ብንደውል እሱም አይሰራም። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ደውሉ። ስልኩ ከተነሳ ቤቱ አለ ማለት ነው።

ለማየት ለሚመጣ፦ ፒያሳና አራት ኪሎ

ጉዳያችሁ ጉብኝት ከሆነ፣ ልጆቻችሁን ከተማ ልታሳዩ ከሆነ ወይም ከውጭ መጥታችሁ የድሮዋን አዲስ አበባ ማየት ከፈለጋችሁ፣ አሁንም ቢሆን ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መስመር ይበልጥባችኋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁሉም በእግር ነው። ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ የምኒልክ ሐውልት፣ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ሦስቱም በጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ናቸው። አራት ኪሎ ስትደርሱ ሥላሴ ካቴድራል አለ። ወደ ስድስት ኪሎ ስትወጡ ብሔራዊ ሙዚየም ታገኛላችሁ፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ እዚያ ናት። ትንሽ ከፍ ብሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትኖሎጂ ሙዚየሙ አለ፤ ሕንፃው የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፣ መኝታ ክፍላቸውም ይታያል። ይሄን ሁሉ ቦሌ አድራችሁ ብታዩት የሁለት ቀን የታክሲ ገንዘብ ያስወጣችኋል። ፒያሳ አድራችሁ ብታዩት የሚያልቀው የጫማ ሶል ነው።

ፒያሳ ሲነሳ ጣይቱ ሆቴል መነሳቱ አይቀርም። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት፣ የሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥር 2007 ላይ እሳት ደርሶበት ብዙ ሰው አልቅሷል፣ እኔም አንዷ ነበርኩ። የእንጨት ወለሉ ስትረግጡት ድምፅ ያሰማል፣ ጣሪያው ረጅም ነው፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ብቻውን ደስ ይላል። ለአዳር ከመረጣችሁት ግን ክፍሎቹ አንድ ዓይነት እንዳይመስሏችሁ። ልትከፍሉበት ያሰባችሁትን ክፍል ራሱን እዩት፣ የሌላውን አይተው አይክፈሉ የሚባለው እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት ላይ ነው። አሮጌ ሕንፃ ድምፅ ያሳልፋል። ጎረቤታችሁ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ለማለት ትፈተናላችሁ። ቀላል እንቅልፍ ያለው ሰው ለማየት ይግባ፣ ለማደር ሌላ ይፈልግ።

የዚህ ሰፈር ሌላው ነገር ማለዳው ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ ካደራችሁ የኪዳንና የቅዳሴው ድምፅ ሌሊት ላይ ያነቃችኋል። አጎቴ ለዚያ ብሎ ነው ፒያሳን የሚወደው። ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን አስቡበት።

ብርዱንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይከብዳል። ከአዋሽ ወይም ከድሬዳዋ ለሚመጣ ሰው አንድ ብርድ ልብስ አይበቃውም። ቁልፍ ሲሰጧችሁ እዚያው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጠይቁ፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ የሚያመጣላችሁ ሰው አታገኙም።

በማለዳ አውቶቡስ ለሚሳፈር፦ አውቶቡስ ተራ ወይስ ስታዲየም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «አውቶቡስ ስለምሳፈር አውቶቡስ ተራ ልደር» ይላል። የእናንተ አውቶቡስ ግን ከዚያ ላይነሳ ይችላል። ላምበረት አለ፣ ቃሊቲ አለ፣ አስኮ አለ፣ አየር ጤና አለ። እነ ሰላምና ስካይን የመሳሰሉት ደግሞ ለዓመታት ከመስቀል አደባባይ አካባቢ ነበር የሚነሱት። ትኬት ስትቆርጡ «መነሻው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና አልጋውን ከዚያ በኋላ ፈልጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሻንጣ ይዛችሁ ከተማውን ልታቋርጡ ነው።

መነሻችሁ አውቶቡስ ተራ ከሆነ፣ እዚያው ማደር ከመሃል ከተማ ሁሉ ርካሹ አማራጭ ነው። አልጋ በየበሩ አለ። ሌሊት ተነስቶ በእግር መድረስ ይቻላል። ከዚህ በላይ የማወራለት ነገር የለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ጫጫታ ነው፣ ጥሩምባ ነው፣ የሚጭን የሚያወርድ ሰው ነው። ሻንጣ እሸከምልሃለሁ የሚል ይበዛል። ስልካችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ አትሂዱ። ማታ ከደረሳችሁ ራት እዚያው በልታችሁ ግቡ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ያዙት፤ ሁለተኛ ሌሊት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ሰፈር ነው የሚያስፈልጋችሁ።

እዚያ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ስሙን አልጠራም። የአክስቴን ልጅ ላሳፍር ማታ ደረስን። ከፍዬ ደረሰኝ ሳልቀበል ገባሁ፣ ደክሞኝ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ልንወጣ ስንል የሌሊት ተረኛው ሌላ ሰው ነው። «አልተከፈለም» አለ። ገንዘቡን የተቀበለው ልጅ ስልኩን አያነሳም። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ አውቶቡሱ አይጠብቅም። ሁለተኛ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ብር በእጅ አልሰጥም፤ በቴሌብር ወይም በባንክ እልካለሁ፣ መልእክቱ ስልኬ ላይ ይቀመጣል። ጥሬ ብር ግድ ከሆነ ስማችሁ፣ ቀኑና የክፍል ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ተቀበሉ።

ስታዲየም፣ ለገሃርና ሜክሲኮ ከአውቶቡስ ተራ ትንሽ ይወደዳሉ። ግን ወደየትም ለመሄድ ይመቻሉ። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር ነው ያለው፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ የሚጋሩት ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ ባሉት ፌርማታዎች ነው። ስለዚህ ስታዲየም ወይም ለገሃር ወይም ሜክሲኮ ያደረ ሰው ሳይቀያይር በአራቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ባቡሩ አንዳንዴ ያስጠብቃል፣ ሲመጣም ሙሉ ሆኖ ይመጣል፣ ቢሆንም መርካቶ ዕቃ ገዝቶ ሲኤምሲ ዘመድ ጠይቆ ለሚመለስ ሰው ከዚህ የሚሻል ሰፈር አላውቅም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ከፒያሳ ይልቅ ከዚህ ይቀርባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወደ ድሬዳዋ በባቡር ልትሄዱ ከሆነ ለገሃር አትደሩ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ሕንፃው አለ እንጂ አዲሱ ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። ለገሃር አልጋ ይዞ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ የቆመ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሽማግሌ ነበሩ፣ ለቡ ለመድረስ ጊዜ አልቀራቸውም።

የገንዘብ አቅማችሁ ትንሽ ከፈቀደ በዚህ አካባቢ ትልልቅ የድሮ ሆቴሎችም አሉ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 አዲስ አበባ በነበሩ ጊዜ ያረፉበት ራስ ሆቴል አንዱ ነው። ለአዳር ባይሆን እንኳ አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ መውጣት ይቻላል።

ሕመምተኛ ይዞ ለሚመጣ

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ከሚደውሉልኝ ሰዎች ግማሹ ለሕክምና የሚመጡ ናቸው፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ነው የሚያመው።

አክስቴ ከኮምቦልቻ ሪፈር ተጽፎላት ጥቁር አንበሳ መጣች። ከአውቶቡስ እንደወረድን አንድ ደላላ «ሆስፒታሉ በር ላይ ነው» ብሎ ወሰደን። በር ላይ የተባለው ቤት ዳገቱን ወጥቶ፣ ቅያሱን ታጥፎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። አክስቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ «ትንሽ ልረፍ፣ አንቺ ዕቃውን አድርሺ» አለችኝ። ሪሴፕሽኑ ላይ «ሙቅ ውሃ አለ ወይ?» ብዬ ነበር፣ «ሃያ አራት ሰዓት» ተብያለሁ። ክፍሉ ስገባ ሻወሩን ከፈትኩት። ቧንቧው አሳለው፣ ሁለት ጠብታ ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ዝም አለ። ሦስት ሌሊት እዚያ አደርን፣ ውሃ በጀሪካን እየተቀዳልን። የደላላው ኮሚሽን አልጋው ላይ እንደተጨመረ ያወቅኩት ስንለቅ ነው፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት አስታማሚዎች ያለ ደላላ ገብተው ከኛ ባነሰ ነው የሚከፍሉት።

ከዚያ በኋላ በእግሬ ዞሬ ሌላ ቤት አገኘሁ። ምድር ቤት፣ ግቢው ውስጥ ወንበር ያለው፣ ባለቤቷ ለሕመምተኛ አጥሚት የምትሠራበት ኩሽና የምትፈቅድ። ዋጋው በጥቂት ብር ይበልጥ ነበር። አክስቴ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረጃ አልወጣችም።

ስለዚህ ሕመምተኛ ከያዛችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ፎቁን ነው። ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ። ቀጥሎ መጸዳጃው ክፍሉ ውስጥ መሆኑን። ከዚያ ምግብ ማብሰል ወይም ማሞቅ ይቻል እንደሆነ። ዋጋ አራተኛ ይመጣል። ሆስፒታሉ የት እንደሆነም አጣሩ። ጥቁር አንበሳ ከሆነ ከቸርችል ጎዳና፣ ከተክለ ሃይማኖትና ከሜክሲኮ አካባቢ ፈልጉ። የካቲት 12 ከሆነ ስድስት ኪሎ ነው፣ ጥቁር አንበሳ ጋ ማደር ምንም አይጠቅማችሁም። ጳውሎስ ደግሞ ከመሃል ወጣ ይላል፣ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ሆስፒታሉን ታሳቢ ያደረጉ አልጋ ቤቶች አሉ። «አዲስ አበባ ሆስፒታል» ብቻ የተባለ ሰው ሪፈር ወረቀቱን ይዞ ስሙን ያስነብብ።

ቆይታው ከሳምንት የሚበልጥ ከመሰላችሁ በአዳር አትክፈሉ። በሳምንት ወይም በወር ተነጋገሩ። «በወር ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ያላስቀነሰበት ቤት አላየሁም። ሆስፒታል አካባቢ ቤታቸው ውስጥ አንድ ክፍል ለአስታማሚ የሚያከራዩ ሰዎችም አሉ። እነሱን የምታገኙት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆይተው ከሰነበቱ ሌሎች አስታማሚዎች ነው፤ አግዳሚው ላይ አጠገባችሁ የተቀመጡትን ሰው ጠይቁ፣ ከማንም ደላላ የተሻለ ያውቃሉ።

አቅም ጨርሶ ከሌለ ደግሞ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አነጋግሩ፣ ሶሻል ወርከር የሚሉት ነው። በተለይ ለካንሰር ሕመምተኞችና ለታመሙ ልጆች ነጻ ማረፊያ የሚሰጡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ በረንዳ ላይ ያድራል። እባካችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር የለውም።

ዘመድ ቤትስ?

ዘመድ ቤት ነጻ ነው ይባላል። ለብዙ ሰው ግን ዘመዱ የሚኖረው መሃል ከተማ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ጀሞ ወይም አያት ወይም ኮዬ ፈጬ ገብቷል። ከዚያ ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት መሃል ከተማ ለመድረስ ሌሊት መነሳት ነው፣ ባለቤቶቹም አብረው ይነሳሉ፣ ቁርስ ሳያበሉ አይሸኙም። ባዶ እጅ አይገባም፣ ቅቤ ወይም ማር ወይም ቡና ይያዛል። ይሄን ሁሉ አስቡና ጉዳያችሁ የአንድ ጠዋት ብቻ ከሆነ፣ ማለዳ ቀጠሮ ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት መሃል ከተማ ተከራይታችሁ እደሩ። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ዘመድ ጋ ሂዱ። ያኔ ቁጭ ብላችሁ ትጫወታላችሁ፣ ሰዓት አታዩም። ዘመዶቼም እንዲህ ሲያደርጉ አልቀየማቸውም፣ እንዲያውም በደንብ ነው የማስተናግዳቸው።

ለአራትና ለአምስት ሆናችሁ ከመጣችሁ፣ ለሠርግ ወይም ለምርቃት ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ክፍል ፔንሲዮን ከመያዝ አንድ ገስት ሃውስ ወይም ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ ብትይዙ በነፍስ ወከፍ ይረክሳል። ኩሽና ስላለው ሽሮ ሠርታችሁ ትበላላችሁ። እነዚህ በብዛት ያሉት ወደ ቦሌና ወደ ሃያ ሁለት ነው።

ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት

ፔንሲዮን ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ጥያቄ «አዳር ነው ሾርት?» የሚል ከሆነ፣ ቤቱ በሰዓት የሚያከራይ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ግልጽ ላውራ። ሾርት የሚሠራ ቤት ሁሉ ቆሻሻ አይደለም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ተመስገን ብላችሁ ውጡ። ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ደግሞ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት አትደሪ፣ ሪሴፕሽኑ ሌሊቱን ሰው ያለው፣ በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ ቤት ፈልጊ፣ የቤቱን ስምና የክፍል ቁጥርሽን ለአንድ ሰው ላኪ። ከታች ጭፈራ ቤት ያለበትን ሕንፃም እለፉት። ቀን ስታዩት ጸጥ ያለ ይመስላል።

ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ስትገቡ ዓይናችሁ ቴሌቪዥኑ ላይ አይሂድ። አንሶላውን በማዕዘኑ በኩል ገልጣችሁ የፍራሹን ስፌት እዩ። በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፣ ክፍሉን ሳይሆን ቤቱን ቀይሩ። የአልጋውን ራስጌም ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ እዩ። ቦርሳችሁን ይሄን ሳታረጋግጡ አልጋ ላይ አታስቀምጡ፣ ትኋን ቤታችሁ ድረስ ተከትሏችሁ ይሄዳል።

ከዚያ ውሃ። ቧንቧውን ክፈቱና አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ሙቅ ውሃውን በእጃችሁ ንኩት። በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ «ሮቶ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጣሪያው ላይ ሮቶ የሌለው ቤት ተራው ባልሆነ ቀን ያለ ውሃ ያድራል። የጋራ ሻወር ያለው ክፍል በዋጋ ደህና ይቀንሳል፤ ንጹሕ ከሆነ እኔ አልጠላውም፣ ነጠላ ጫማና ፎጣ ይዛችሁ ኑ እንጂ።

ዋጋ ስትስማሙ «ታክስ ተጨምሮበት ነው?» ማለት አትርሱ። ደረጃ ያለው ሆቴል ከሆነ 15 በመቶ ቫትና ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከላይ ሊጨምር ይችላል፣ አንድ አራተኛ ያህል ማለት ነው፣ ከዚያ ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስንት ሰዓት መልቀቅ እንዳለባችሁም ጠይቁ። አንዳንዱ ጠዋት 4 ሰዓት ይላል፣ አንዳንዱ ቀን 6 ሰዓት። አውቶቡሳችሁ ማታ ከሆነ ሻንጣ ያስቀምጡላችሁ እንደሆነ ተነጋገሩ፣ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።

መታወቂያ ሳይዙ አልጋ የለም። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ ወይም ፓስፖርት ይጠየቃል፣ ይመዘገባል። መታወቂያውን ይዘው ቁልፍ ስትመልሱ እንሰጣችኋለን የሚሉ ቤቶች አሉ። እኔ አይመዝግቡ አልልም፣ ግን መዝግበው እዚያው እንዲመልሱልኝ ነው የምጠይቀው። በማግስቱ ባንክ ወይም ሆስፒታል ስትሄዱ ያስፈልጋችኋል።

የምትመጡበትን ቀንም እዩ። መስከረም 16 ደመራ ሲሆን መስቀል አደባባይና ስታዲየም አካባቢ አልጋ አይገኝም ብትሉ ይቀላል፣ መንገዱም ይዘጋል። የካቲት 23 ዓድዋ ሲከበር ፒያሳ እንዲሁ ነው። በኅዳር የታላቁ ሩጫ ሰሞንና በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞንም መሃል ከተማው ይጨናነቃል። በእነዚህ ቀናት የምትመጡ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ ቀብድ ላኩ፣ ወይም በባቡር መስመር ላይ ሆናችሁ ራቅ ያለ ሰፈር ያዙ።

ማለዳ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ሒሳባችሁን ማታውኑ ጨርሱና ሳትተኙ በፊት ጥበቃውን አነጋግሩ። ስንት ሰዓት እንደምትወጡ ይወቁ። የግቢው በር ሌሊት በቁልፍ ይቆለፋል፣ ጥበቃውም ሰው ነው፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። አጎቴ አሁን የሚያርፈው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ባለች ትንሽ ቤት ነው። እዚያ ያሉትን ጥበቃ ማታ ሻይ ያስጠጣቸዋል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ሲሆን እሳቸው ራሳቸው መጥተው በሩን ያንኳኩለታል።